የዘሀራ ቢጫ ልጥፎች

ዘሀራ ማረፏን የሰማሁት የአንዲት ሴትዮ የእግር ቁስል እያጠብኩ ሳለሁ ነው። የጤና ጣቢያው ዘበኛ በሩን ገፋ አድርጎ «ሲስተር፣ ያቺ የግራናዋ መምህርት አረፈች አሉ» ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ነው እንዴ መርዶ የሚነገረው? ዶሮ ጠፋች ያለ ያህል! እኔም ሥራዬን አላቆምኩም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሸፍኜ፣ ሴትዮዋን «ከነገ ወዲያ ተመለሽ» ብዬ ከሸኘሁ በኋላ ነው በሩን የዘጋሁት። ተቀምጬ ላለቅስ ብል አልሆነልኝም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ መቀሱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ዘሀራ ብታየኝ ኖሮ ትስቅብኝ ነበር፤ በሕይወቷ መቀመጥ የማይሆንላት እሷ ነበረችና።

ያወቅኳት ከጦርነቱ በፊት ነው። ወልድያ ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። አንድ ማለዳ መርሳ መጥታ እኔ ቁስል የማጥብበት ክፍል በር ላይ ቆመች። ረዥም፣ ከሲታ፣ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሄደ። ታማሚ መስላኝ «ተራዎን ይጠብቁ» አልኳት።

«አልታመምኩም። ሲያጥቡ ልይ ብዬ ነው።»

«ቁስል ማየት ምን ያደርግልዎታል? ሲኒማ ነው እንዴ?»

«ቁስሉ የተሸፈነበት ጎዝ ሲነሳ ሰው ለምን እንደሚጮህ ማወቅ ፈልጌ ነው» አለች፣ ኮስተር ብላ።

ወንበር ሰጠኋት፤ ቦርሳዋን አስቀመጠችበት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች። ሊመሽ ሲል «ጎዙ ከቁስሉ ጋር ይደርቅና ሲነሳ አዲሱን ሥጋ ይዞት ይነሳል። ያዳኑትን መልሰው ያቆስሉታል ማለት ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ! ስንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ አንዲት የጠመኔ ሰው መጥታ! ላባርራት አፌን ስከፍት «እጅዎ ግን አይንቀጠቀጥም። እሱ ደንቆኛል» አለች። እውነቷን ነው፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። በዚህ ሀብሩ ወረዳ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አላባረርኳትም።

በሁለተኛው ቀን «አንቱ አትበይኝ» አለችኝ። «አንቱ ስትይኝ ቁጭ ማለት ያለብኝ ይመስለኛል።» ከዚያ ወዲህ አንቺ ተባባልን።

የምትሠራው ነገር ለቁስል የሚለጠፍ ስስ ልጥፍ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የፕላስቲክ ዱቄት አለ፤ እሱን እንደ አጥሚት እያማሰለች ታወፍረውና የብር ጨው ጠብ ታደርግበታለች፤ ከዚያ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አፍስሳ ታደርቀዋለች። የደረቀውን በላስቲክ አሽጋ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትታ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ትወስደዋለች። እዚያ ከብት የሚጨርሰውን የገንዲ ዝንብ የሚያመክኑበት የጨረር ማሽን አለ፤ ለዝንቦቹ ከሚሰጠው ሰዓት ላይ ለምና፣ ደጅ ጠንታ፣ ለልጥፎቿ ጨረር ታሰጣለች። «ጨረሩ ጀርሙን ይገድላል» ትለኝ ነበር። «ፕላስቲኩን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፣ ቁስሉ ውሃ ቢያወጣም አይሟሟም። ብሩን ደግሞ ከጨው አላቅቆ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ያደርገዋል። ቅንጣቱ ነው ከጀርሙ ጋር የሚጣላልሽ።»

«ጨረሩስ በሽተኛው ላይ አይቀርም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ፀሐይ ላይ የዋለ በርበሬ ማታ ቤት ውስጥ ያበራል?»

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ብላኝ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ሥራ ላይ ሆኜ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማት። ኧረ ምነው ያኔ በሁለቱም ጆሮዬ በሰማሁ!

ከሁሉ የሚገርመኝ መሐላዋ ነው። በእኛ አገር ወላሂ ሳይባል ሽንኩርት አይሸጥም። ዘሀራ ግን ወላሂ ስትል ሰምቻት አላውቅም። አንድ ጊዜ መርሳ ገበያ አብረን ሄደን ብርቱካን ሻጯ «ወላሂ ዛሬ ጠዋት የተቀጠፈ ነው» አለቻት። «አላህ አይቶታል፣ እሱስ አይጠረጠርም» አለች ዘሀራ፤ «አንቺ ስትቀጥፊው ነበርሽ ወይ?» ሴትዮዋ ደንግጣ «አይ፣ ባሌ ነው ያመጣው» አለች። «እንግዲያ አላውቅም በያ! አላውቅም ያለ ሰው አልዋሸም» ብላ ብርቱካኑን ገዛቻት። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ተማሪዎቿ ላይም፣ አለቆቿ ላይም፣ ራሷም ላይ እንዲሁ ነበረች።

ጦርነቱ ወልድያ የገባ ጊዜ ዘሀራ በእግሯ መርሳ መጣች። ደጄ ስትደርስ ጫማዋ ተቀዶ ነበር፤ የያዘችው አንዲት ቦርሳ ብቻ።

«ልብስሽስ?»

«ልብስ ይገዛል።»

ቦርሳው ውስጥ ያሉት ልጥፎቹ ነበሩ። እያንዳንዱ በላስቲክ የታሸገ፣ ላዩ ላይ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት። «የምን ቁጥር ነው?» ብላት፣ የሚመረምረው ሰው የትኛው ምን እንደሆነ አውቆ እንዳያዳላ ሆን ብላ ስም እንደማትጽፍ ነገረችኝ። የቁጥሮቹ ፍቺ ያለበት ደብተር ወልድያ ቀርቷል። «ግድ የለም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ መርሳም ያው ዕጣ ደረሳት። ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀረ፤ አልጋው ሳይቀር ሄደ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። እኔም ቤቴን ከፈትኩ። ሰው በቃሬዛ ያመጣል፣ እኔ በጨው ውሃ አጥባለሁ፣ አሮጌ አንሶላ ቀቅዬ በእሱ እጠቀልላለሁ። ዘሀራ ውሃ ታፈላለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ከጓዳ ደጅ ከደጅ ጓዳ ትመላለሳለች። ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ሁሉም መሬት ላይ ይተኛል፣ እሷ ትሄዳለች። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ተኚ!» እላታለሁ። «ከተኛሁ አስባለሁ» ትለኛለች።

ማሽላ በሚታጨድበት ወር ወንድሟን ሁሴንን አመጡት። የእናቷ ልጅ፣ ታናሿ፣ ግራና ላይ አራሽ ነው። ማሽላው ውስጥ እያለ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ፍንጣሪው ከጉልበቱ በታች ገብቷል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። አጠብኩት። በማግስቱ ባሰበት። ይህ እግር ከጠፋ እግር ብቻ እንደማይሆን፣ ሰውዬውም እንደሚከተለው አውቄዋለሁ። ቀዶ ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ።

ዘሀራን ጓዳ ጠርቼ «ልጥፎችሽን አምጪ» አልኳት።

«አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

«በሰው ላይ አልተሞከረም። ጥንቸል ላይ እንኳን አልደረስኩም።»

«ጥንቸል ከየት ላምጣልሽ? ያለው ወንድምሽ ነው!»

ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ። በመጨረሻ ፊቷን አዙራ ወደ ሁሴን ሄደች። ያኔ ነው ስትቀመጥ ያየኋት፤ ራስጌው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፕላስቲኩን፣ ብሩን፣ ጨረሩን ከሀ እስከ ፐ ነገረችው። ይጠቅም ይሆናል፣ ላይጠቅምም ይችላል፣ ሊጎዳም ይችላል አለችው።

«ገባህ?»

«አንቺ ከገባሽ ይበቃኛል» አለ ሁሴን፣ በትኩሳት መሀል።

«አይበቃም።» እንደገና ጀመረች። ወይ ጣጣ! ሰውዬው እየነደደ እሷ ታስተምራለች። መልሶ እስኪያስረዳት ድረስ አለቀቀችውም። «እንግዲህ ላይጠቅምም ይችላል ነው የምትይው፣ እኔም ይሁን ብያለሁ» ሲላት ነው የተነሳችው።

በዚያው ሰዓት ከሐራ ከተማ የመጣ ሰው፣ እዚያ አንድ ባለመድኃኒት ቤት ቀብሮ ያተረፈው የመርፌ መድኃኒት አለ ብሎ ነገረን። ዘሀራ ሻሿን አሰረች። በእግር፣ በተኩስ መሀል፣ በዚያ መንገድ! «እኔ ልሂድ» አልኳት። «የአንቺ እጅ እዚህ ነው የሚፈለገው» አለችኝና ቦርሳውን ሰጠችኝ። በሩ ላይ ሆና ዞር ብላ «ጨረር የገባውን ብቻ ለጥፊለት» አለች።

ሄደች።

ቦርሳውን ከፈትኩ። ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንዱ ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ እንደ መስታወት ወዲያ የሚያሳይ። ሌላው ቢጫ፣ አንዳንዱ ወደ ቡናማ ያደላ። የትኛው ነው ጨረር የገባው? ለጥርጣሬም ጊዜ አልሰጠሁም። ነርስ ነኝ። ነርስ ስትሆኚ ከመጀመሪያው ቀን የምትማሪው ነጭ ንጹሕ ነው፣ ቢጫ የቆየ ነው። ቢጫ ያለ ጎዝ ይጣላል፣ ቢጫ ያለ መድኃኒት ጊዜው አልፎበታል። ጨረር ያጠራዋል፣ ያነጻዋል ብዬ አሰብኩ። ቢጫዎቹን «ምስኪን፣ በጉዞ ተበላሹባት» ብዬ ወደ ጥግ አደረግኳቸው። ጥርት ያለውን ከላስቲኩ አውጥቼ ሁሴን እግር ላይ ለጠፍኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

በማግስቱ ልጥፉ የለም። ቀልጦ እንደ ንፍጥ ሆኖ ቁስሉ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ነው የሚሠራው ይሆናል ብዬ ሌላ ደገምኩበት። በሦስተኛው ቀን ሁሴን የማይሆን ነገር ማውራት ጀመረ፤ የሞተች እናቱን በሬ አስገቢ ይላታል። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ ነበር።

ዘሀራ በአራተኛው ቀን ደረሰች። መድኃኒቱን በሻሿ ጠቅልላ ወገቧ ላይ አስራዋለች። ሰላም ሳትለኝ ወደ ሁሴን ሄዳ ጨርቁን ገለጠች። ከዚያ ጥግ ላይ ያሉትን ቢጫዎች አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«ነጩን ነው?» አለች።

«ንጹሑን» አልኳት።

«እሱ ለማወዳደሪያ ነው። ብርም የለበትም፣ ጨረርም አላየም። ጨረር የገባው ነው ቢጫ የሚሆነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ጮኼ ላለቅስ ስል አፌን በእጇ ያዘችኝ። እጇ አፈርና ጭስ ይሸታል።

«ደጅሽ ላይ ስንት ሰው ተኝቷል?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዘጠኝ።»

«ሌላ ሐኪም አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያ ይህን አይሰሙም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀለሙን አልነገርኩሽም። ለሁሴን እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ዝም በይ። አሁን ውሃ አፍይ።»

አጥበን አጥበን ያንን ሙጫ ከቁስሉ አወጣን። መርፌውን ወጋሁት፤ ቢጫውን ለጠፍን። ቢጫው አልቀለጠም። በሁለተኛው ቀን ሳነሳው እንደ እርጥብ ቅጠል ሳይዝ፣ ሳይቀድ ተነሳ፣ ሁሴንም አልጮኸም። ትኩሳቱ ወረደ። ነፍሱ ተረፈች። መንገድ ተከፍቶ ትልቅ ሆስፒታል ሲደርስ ግን አጥንቱ አልቆ ነበርና ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ «መመረዙ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢቆም ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው ወጣ። ያንን ያልጨረሰውን ነገር እኔ ስንት ቀን ጨረስኩለት መሰላችሁ! አራቱ ቀን ባይባክን ኖሮ። ቢጫውን ለጥፌ ቢሆን ኖሮ። አንዴ ብጠይቅ ኖሮ።

ዘሀራን ስንቴ ጠየቅኳት። «በመጀመሪያው ቀን ቢጫውን ለጥፌለት ቢሆን እግሩ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ነፍሱን ያተረፈውስ ልጥፉ ነው መርፌው?»

«አላውቅም። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም።»

የመርሳ ሰው የዘሀራ ብር ሙት አስነሳ ብሎ ማውራት ሲጀምር እንኳን ተቆጥታ ቤት ለቤት እየዞረች አስተባብላለች። በአዲሱ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን አይቼዋለሁ፦ «አንድ ሰው። ውጤቱ አይታወቅም።» ወልድያ ተመልሳ፣ ከተዘረፈው ላብራቶሪ የተረፉ ሁለት ሳህኖች ይዛ ከዜሮ ጀመረች። አሁንም በአውቶቡስ፣ አሁንም ምሳ ዕቃ ይዛ።

ከሁሴን ጋር ግን አልተያየንም። ዘሀራ ነግራዋለች፣ አውቆ ነው የሚሸሸኝ ብዬ ከመንገድ ባየው በሌላ በኩል እዞራለሁ። እግሩን አስቆርጬ ምን ብዬ ልየው? እሱም ጤና ጣቢያ ድርሽ አይልም። እህትና ወንድሙም እንደማይነጋገሩ ሰማሁና ዘሀራን «ምን ሆናችሁ?» ብላት «የቤተሰብ ነገር ነው» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም።

ኩላሊቷ ከከዳት በኋላ ግራና ተመልሳ ተኛች። ሁለቴ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አየኋትና እንባዬ መጣ። «አየሽ» አለች፣ «በመጨረሻ አስቀመጡኝ።»

እንግዲህ ለለቅሶው ግራና ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ድንኳኑ ውስጥ ሁሴን ሰው ሠራሽ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ጥግ ተቀምጧል። ያን ያህል ዘመን የሸሸሁትን ሰው ፊት ለፊት ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክኩ። ከእንግዲህ ዘሀራ የለችም፤ በማን ልሸፈን?

«ሁሴን፣ አፉ በለኝ» አልኩት። በእነሱ ቃል ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ለምኑ ሲስተር?»

«ለእግርህ።»

«እግሬን አንቺ ምን አደረግሽው?»

ቀና ብዬ አየሁት። የምሩን ነው የሚጠይቀኝ። «ነጩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ሐራ ሄዳ ሳለ። አልነገረችህም?»

ሁሴን ቁርኣን የሚቀሩት እስኪጨርሱ ሰው ሠራሽ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ።

«እኔ ነኝ አለችኝ» አለ በመጨረሻ። «‹አሳስቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ነጩን አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ› አለችኝ። ሲስተር ምንም ጥፋት የለባትም አለችኝ። ሁለት ጊዜ አስረድታኝ፣ ሁለት ጊዜ አስማምታኝ፣ በገዛ እጇ አሳስታ! ተናደድኩ። ሁለት ዓመት አላናገርኳትም። ኢድ በመጣ ቁጥር ደጄ መጥታ ትቆማለች፣ አልከፍትላትም። ቆማ ቆማ ትሄዳለች።»

«ሁሴን…»

«ጤና ጣቢያም የማልመጣው አንቺን ጠልቼ አይደለም። ስለ እሷ እንዳታወሪኝ ብዬ ነው። ከመሞቷ በፊት በሳምንቱ ሄድኩና ‹አፉ ብዬሻለሁ› አልኳት። ባልሠራችው!»

«ምን አለችህ?»

«‹አላህ ይስጥህ› አለችኝ። እጄን ሳመችው። እኔ ታናሿ፣ እጄን ሳመችው።»

ብርቱካን ሻጭ ወላሂ ስትል እንኳን የማታልፍ ሴት! በዕድሜዋ አንድ ውሸት ዋሸች፣ እሱንም ለእኔ፣ ደጄ ላይ ተኝተው ለነበሩት ለዘጠኙ ሰዎች። ዋጋውን ደግሞ ብቻዋን፣ የወንድሟ ደጅ ላይ ቆማ ከፈለች። እኔ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ ለሟቿ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ሶብር አድርጊ» ይሉኛል። ሁሴን አሁን ያባርረኛል፣ ይጮህብኛል፣ ይህ ሁሉ ሰው ይሰማል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሳሁ፤ መልሼ ተንበረከክኩ፤ ደግሞ ተነሳሁ።

ሁሴን አልጮኸም። ቀስ ብሎ የሱሪውን እግር ጠቀለለና ሰው ሠራሹን እግር ፈቶ ጎኑ አስቀመጠው። ከጉልበቱ በታች የቀረው ላይ፣ የሚነካካው ቦታ ቆስሎ አመርቅዟል።

«ወር ሆኖታል» አለኝ። «በሰው ልካብኝ ነበር፤ ‹ሲስተር ጋ ሂድ፣ እጇ ጥሩ ነው› ብላ። እዪው እስቲ።»

የሞቀ ውሃና ጨው ከጓዳ አስመጣሁ። ከቦርሳዬ ጎዝ አወጣሁ። እጄን ታጥቤ ወደ እግሩ ስዘረጋ ግን ጣቶቼ እንደ ቅጠል ይርገፈገፉ ጀመር። ጨበጥኳቸው፣ ፈታኋቸው፣ እንቢ አሉኝ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል ሲስተር።»

«አዎ።»

«ቁጭ በይ» አለኝ ሁሴን፣ ምንጣፉን ከጎኑ እያመለከተኝ። «እስኪተውሽ እጠብቅሻለሁ። በአንድ እግሬ የት እሄድብሻለሁ?»

ቁጭ አልኩ።